በሁለት ቅዳሜ ስምንት ፈተና፦ በባለ ቀለም እርሳስ የፈተና ፕሮግራም ማውጣት

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የማታ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል የፈተና ፕሮግራም የማውጣት ሥራ እኔ ላይ ይወድቃል፤ «የሒሳብ ሰው አይደለህ?» ይሉኛል። ተማሪዎቼ ቀኑን ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው፤ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች አስተናጋጆች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ የባንክ ሠራተኞች። በሥራ ቀን ፈተና ካደረግሁ ግማሹ ፈቃድ አያገኝም፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚቀረኝ ሁለት ቅዳሜ ነው፦ ጠዋትና ከሰዓት፣ በድምሩ አራት ክፍለ ጊዜ። አዳራሾቹም ሁለት ብቻ ናቸው። ፈተናዎቹ ስምንት።

ስምንትን ለአራት ማካፈል የሕፃን ሒሳብ ይመስላል። ችግሩ አንድ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ አለመቻሉ ነው። ይህ የግራፍ ነጥቦችን ቀለም የመቀባት ጥያቄ ነው፤ ሥራውን ከወረቀት ጀምሮ ኮምፒውተር እስከሚያቅተው ቦታ ድረስ ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ።

እርምጃ 1፦ ግጭቱን መልቀም

ስምንቱን ትምህርቶች ጻፉ፦ ሕግ፣ ማርኬቲንግ፣ ስታቲስቲክስ፣ በጀት፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ኮምፒውተር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁለቱንም የሚወስድ ቢያንስ አንድ ተማሪ አለ? ስምንት ትምህርት 28 ጥንድ ይሠራል። አንድ ተማሪም ሆነ ሃምሳ ተማሪ ቢኖር ለውጥ የለውም፤ ካለ አለ ነው።

ይህን መልስ ከክፍል ስም ዝርዝር አትውሰዱ። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ሳስተምር እንዲህ አድርጌ ነበር። ከታች ክፍል አንድ ትምህርት የምትደግም ተማሪ መኖሯን ሳላይ ቀረሁ፤ በፈተናው ቀን ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት ተደርቦባት በሁለት ክፍሎች መካከል ቆማ አገኘኋት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምዝገባ ቅጹን ተማሪ በተማሪ አያለሁ። አንድ መስመር ከጎደለ ከዚህ በኋላ ያለው ብልሃት ሁሉ ከንቱ ነው።

በዘንድሮው ዝርዝር ከ28ቱ ጥንዶች 14ቱ ተጋጩ። እንግሊዝኛ ከአምስት ትምህርቶች ጋር ይጋጫል፦ ከኢኮኖሚክስ፣ ከአካውንቲንግ፣ ከስታቲስቲክስ፣ ከኮምፒውተርና ከማርኬቲንግ። እነዚህ አምስቱ ደግሞ በዚሁ ቅደም ተከተል እየተያያዙ ክብ ይሠራሉ፤ ኢኮኖሚክስ ከአካውንቲንግ፣ አካውንቲንግ ከስታቲስቲክስ፣ ስታቲስቲክስ ከኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር ከማርኬቲንግ፣ ማርኬቲንግ ተመልሶ ከኢኮኖሚክስ። ይህ አሥር ነው። ቀሪዎቹ አራቱ ሕግ ከኢኮኖሚክስ፣ ሕግ ከማርኬቲንግ፣ ሕግ ከበጀት፣ በጀት ከአካውንቲንግ ናቸው።

እርምጃ 2፦ ሥዕሉ

ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ነጥብ አድርጉ፤ የሚጋጩትን በመስመር አገናኙ። ግራፍ ማለት ይኸው ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጡት መስመሮች ብዛት የነጥቡ ዲግሪ ይባላል፤ የእንግሊዝኛ 5፣ የኢኮኖሚክስ፣ የአካውንቲንግና የማርኬቲንግ 4፣ የሕግ፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒውተር 3፣ የበጀት 2። ዲግሪዎቹን ደምሩና የመስመሮቹ እጥፍ መሆኑን አረጋግጡ፦ 28። ካልሆነ አንድ ቦታ ዘልላችኋል።

እኔ ሥዕሉን የሣልኩት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባዬን እየጠበቅሁ በደብተር ጀርባ ላይ ነው። እንግሊዝኛን መሃል፣ አምስቱን ዙሪያውን፣ ሕግና በጀትን ከውጭ ሳስቀምጥ አንድም መስመር ሌላውን ሳይቆርጥ ወጣልኝ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ክፍለ ጊዜ ማለት ቀለም ነው። በመስመር የተገናኙ ሁለት ነጥቦች አንድ ቀለም መያዝ የለባቸውም። ጥያቄው፦ ከስንት ቀለም ባነሰ አይቻልም? ይህ ትንሹ ቁጥር የግራፉ የቀለም ቁጥር ይባላል።

እርምጃ 3፦ ስግብግቡ ስልት

ነጥቦቹን በሆነ ተራ ደርድሩ። ከመጀመሪያው ጀምሩና ለእያንዳንዱ፣ ጎረቤቶቹ ካልያዙት ቀለሞች ትንሹን ቁጥር ስጡ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስግብግብ የተባለው ለዚህ ነው፤ የፊቱን ያነሣል እንጂ የነገውን አያይም።

በሀሁ ተራ እንሞክረው። ሕግ 1 ይይዛል። ማርኬቲንግ ከሕግ ይጋጫልና 2። ስታቲስቲክስ 1። በጀት ከሕግ ይጋጫል፣ 2። አካውንቲንግ ስታቲስቲክስ 1ን፣ በጀት 2ን ስለያዙበት 3። ኢኮኖሚክስ 1፣ 2 እና 3 በጎረቤቶቹ ተይዘዋል፣ 4። እንግሊዝኛ ሲደርስ አራቱም ቀለሞች ተወስደዋል፤ 5። ኮምፒውተር 3። አምስት ክፍለ ጊዜ ወጣ፤ ሦስተኛ ቅዳሜ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ፕሮግራም ቢያይ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

አሁን ተራውን ብቻ ቀይሩ፤ ዲግሪው የበዛው ይቅደም፣ እኩል ሲሆኑ በሀሁ። እንግሊዝኛ 1፣ ማርኬቲንግ 2፣ አካውንቲንግ 2፣ ኢኮኖሚክስ 3፣ ሕግ 1፣ ስታቲስቲክስ 3፣ ኮምፒውተር 4፣ በጀት 3። አራት ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት ቅዳሜ። ብዙ ጠብ ያለበትን መጀመሪያ ማስቀመጥ ሠርግ ላይ እንግዳ ያስተናገደ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። በሒሳቡ ዓለም ግን ዌልሽና ፓወል እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው፤ እነሱም ያነሡት ይህንኑ የፕሮግራም ማውጣት ችግር ነበር።

ስግብግቡ ስልት ምንም ያህል ክፉ ተራ ቢገጥመው ከትልቁ ዲግሪ በአንድ የሚበልጥ ቀለም ብቻ ይበቃዋል፤ አንድ ነጥብ የሚከለክሉት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸውና። ለእኛ 6 ማለት ነው። ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1941 ይህን በአንድ ቀነሰው፦ የተያያዘው ግራፍ ሁሉም ከሁሉም የተገናኙበት ወይም ጎዶሎ ክብ (የነጥቦቹ ብዛት ጎዶሎ የሆነ ክብ) ካልሆነ በስተቀር ትልቁ ዲግሪ ራሱ በቂ ነው።

የተሻለም አለ። ብሬላዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ስልት ተራውን አስቀድሞ አይወስንም፤ በየደረጃው በዙሪያው ብዙ የተለያየ ቀለም ያየውን፣ ማለትም ምርጫ የጠበበበትን ነጥብ ያስቀድማል። በወረቀት ለሚሠራ ሰው የምመክረው ይህን ነው። በእኛ ግራፍ ላይ ውጤቱ ያው አራት ነው።

እርምጃ 4፦ ከዚህ እንደማያንስ ማረጋገጥ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። እኔም አስቀምጥ ነበር፤ አንድ ባልደረባዬ «ሦስተኛ አዳራሽ ብናገኝ በሦስት ክፍለ ጊዜ አይሆንም ነበር?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ። በሦስት ቢሆን አንድ ከሰዓት ይተርፍልናል። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። በአራት መሥራቱን ማሳየትና በሦስት አለመሥራቱን ማሳየት ለየቅል የሆኑ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ይከብዳል።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሁሉም እርስ በርስ የሚጋጩ ቡድን ነው። አራት ትምህርቶች ሁሉም ከሁሉም ቢጋጩ አራት ቀለም ግድ ይሆናል። በእኛ ሥዕል ግን ሦስት ሦስት እንጂ አራት የሆኑ አይገኙም። ታዲያ ሦስት ቀለም ይበቃል? አይበቃም። እንግሊዝኛ አንድ ቀለም ይዟል እንበል፤ በዙሪያው ያሉት አምስቱ ያንን ቀለም መንካት አይችሉም። በቀሩት ሁለት ቀለሞች ክቡን ዙሩ፦ ኢኮኖሚክስ ቀይ፣ አካውንቲንግ ሰማያዊ፣ ስታቲስቲክስ ቀይ፣ ኮምፒውተር ሰማያዊ፣ ማርኬቲንግ... በአንድ ጎኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ። ተቀረቀረ። አምስት ጎዶሎ ስለሆነ ክቡ ሦስት ቀለም ይፈልጋል፤ ከመሃሉ ጋር አራት። ለባልደረባዬ ይህንን በሁለት ደቂቃ አሳየሁት፤ ዝም አለ።

ስለዚህ እርስ በርስ የሚጋጭ ትልቅ ቡድን አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ሚሴልስኪ እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳሳየው፣ ሦስት እንኳ እርስ በርስ የሚጋጩ ነጥቦች የሌሉበት ግራፍ የፈለጋችሁትን ያህል ብዙ ቀለም ሊጠይቅ ይችላል። አራት ቀለም የሚጠይቀው ትንሹ እንዲህ ያለ ግራፍ 11 ነጥብ ብቻ አለው።

ችግሩ የት ይከብዳል?

ሠርግ ደግሳችኋል እንበል፤ የተኳረፉ ዘመዶች አሉ፣ ድንኳኑ ሁለት ነው። ኩርፊያ ያላቸው በአንድ ድንኳን አይቀመጡም። መደልደሉ ቀላል ነው፦ አንዱን አያት አንደኛው ድንኳን አስቀምጡ፣ ያኮረፏቸውን ሁሉ ሁለተኛው፣ እነዚያ ያኮረፏቸውን ወደ መጀመሪያው፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ከተቀመጡት ጋር የማይነካካ ዘመድ ከቀረ ከእሱ አዲስ ጀምሩ። የሆነ ቦታ ሁለት የተኳረፉ አንድ ድንኳን ውስጥ ከተገናኙ መፍትሔ የለም ማለት ነው፤ ምክንያቱም ጎዶሎ የኩርፊያ ክብ አግኝታችኋል። እያንዳንዱን ኩርፊያ ጥቂት ጊዜ ብቻ ታያላችሁ። ሺህ እንግዳ ቢኖር እንኳ ኮምፒውተር ዐይን ሳይርገበገብ ይጨርሰዋል።

አሁን ሦስተኛ ድንኳን ተጨመረ። ለእንግዶቹ ሰፋ፤ ለደልዳዩ ግን መከራ ሆነ። ሁለት ድንኳን ሲኖር አንዱን ማስቀመጥ የሌላውን ቦታ ይወስናል፤ ሦስት ሲሆን እያንዳንዱ ኩርፊያ ሁለት ምርጫ ይተዋል፣ ምርጫው ደግሞ ይባዛል። ለስምንት ነጥብ በሦስት ቀለም 6,561 አቀባብ አለ፤ ለ40 ነጥብ ቁጥሩ ከ12 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያልፋል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የሚፈትሽ ማሽን ሁሉንም ለማየት 385 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

በርግጥ ብልህ ሰው ሁሉንም አይፈትሽም። ከላይ ክቡን ስንዞር ገና በአምስተኛው ነጥብ ተቀርቅረን 6,561ዱን በሙሉ ጣልናቸው። ጥሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲሁ ያደርጋል፦ ይቀባል፣ ሲቀረቀር ይመለሳል፣ ሌላ ይሞክራል። ነገር ግን ለማንኛውም ግራፍ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚሠራ መንገድ እስካሁን የተገኘ የለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዘረዘራቸው 21 ኤንፒ-ኮምፕሊት ችግሮች አንዱ የቀለም ቁጥር ነበር። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው የፈተና ፕሮግራሙን ይዞ ቢመጣ 14ቱን መስመሮች አይታችሁ በቶሎ ትፈትሹታላችሁ፤ ፕሮግራሙን ራሱን በቶሎ የሚያገኝ ዘዴ ከተገኘ ግን መልሳቸው በቶሎ የሚፈተሽ ችግሮች ሁሉ በቶሎ ይፈታሉ። እንዲህ ያለ ዘዴ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ጥያቄ የክሌይ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ካቆመላቸው አንዱ ነው።

ያልተቆራረጠው ሥዕሌ እዚህ ላይ ይመጣል። ጉትሪ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1852 የእንግሊዝን ክፍለ አገሮች ካርታ ሲቀባ አራት ቀለም ሁልጊዜ እንደሚበቃ ጠረጠረ። አፔልና ሃከን በኮምፒውተር ታግዘው ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በካርታ ላይ እያንዳንዱን ክፍለ አገር ነጥብ፣ የሚዋሰኑትን ደግሞ በመስመር የተገናኙ ብታደርጉ ያልተቆራረጠ ግራፍ ይወጣል። መስመሮቹ ሳይቆራረጡ የሚሣል ግራፍ ሁሉ በአራት ቀለም ይቀባል፤ ስለዚህ ሥዕሉ እንደወጣልኝ፣ ገና ቀለም ሳልቀባና አዳራሹን ሳልቆጥር፣ ሁለት ቅዳሜ እንደሚበቃኝ ማወቅ እችል ነበር። ሦስት ይበቃል ወይ የሚለው ግን ለእነዚህ ግራፎችም፣ የየነጥቡ ዲግሪ ከ4 ሳይበልጥ እንኳ፣ ኤንፒ-ኮምፕሊት ነው። በአራት «አዎ» ብሎ መመለስ ምንም አይጠይቅም፤ አንድ ቀለም ሲቀነስ ነገሩ ገደል ይሆናል።

«ትክክለኛው ባይገኝ የተጠጋው ይበቃኛል» የሚል ይኖራል። እሱም በጥቅሉ አይገኝም። ዙከርማን እንዳረጋገጠው፣ ፒ (በቶሎ የሚፈቱ ችግሮች) እና ኤንፒ (መልሳቸው በቶሎ የሚፈተሽ ችግሮች) እኩል ካልሆኑ በስተቀር፣ ለማንኛውም ግራፍ የቀለም ቁጥሩን በጥሩ ሁኔታ እንደሚጠጋ ዋስትና የሚሰጥ ፈጣን ስልት የለም። ስግብግቡ ስልት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት ወደ ሠርጉ እንመለስ። አሥር ከሙሽራው፣ አሥር ከሙሽራይቱ ወገን አሉ፤ እያንዳንዱ ከሌላው ወገን ከአንድ ወዳጁ በቀር ሁሉንም አኩርፏል። ሁለት ድንኳን ይበቃ ነበር፦ ወገን በወገን። ወዳጆቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ ከጠራችኋቸው ግን የመጀመሪያው ጥንድ አንደኛውን ድንኳን አብሮ ይይዛል፣ ሁለተኛው ጥንድ ሌላ ይፈልጋል፣ እያለ አሥር ድንኳን ይሆናል። የብሬላዝ ስልት እንዲህ አይታለልም፤ ሁለት ቀለም በሚበቃበት ቦታ ሁልጊዜ ሁለት ይሰጣል።

ከባድ የሚመስል ቀላል

ሁሉም ፕሮግራም ከባድ አይደለም። የአንድ ሆቴል አዳራሽ ኃላፊ የስብሰባ ጥያቄዎች ይመጡለታል፤ እያንዳንዱ መነሻና መድረሻ ሰዓት አለው፣ ሰዓታቸው የሚደራረቡ በአንድ አዳራሽ አይሆኑም። ይህም ግራፍ ማቅለም ነው፣ ግን ጥያቄዎቹን በመነሻ ሰዓታቸው ደርድሮ ስግብግቡን ስልት መከተል ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አራተኛ አዳራሽ የምትከፍቱት በዚያች ደቂቃ ሦስት ስብሰባዎች እየተካሄዱ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አራት ግድ ነበር። ፕሮግራም ልታወጡ ስትነሡ ግጭቱ ከሰዓት መደራረብ ብቻ የመጣ መሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ። ከሆነ የዛሬውን ከባድ ክፍል በሙሉ ዝለሉት።

እርምጃ 5፦ ከወረቀቱ ወደ አዳራሹ

ያገኘነው ፕሮግራም አንድ እንከን አለበት፦ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና በጀት ሦስት ሆነዋል፣ አዳራሹ ሁለት ነው፤ በአራተኛው ኮምፒውተር ብቻውን ተቀምጧል። በጀትን ወደ አራተኛው ውሰዱት፤ ከኮምፒውተር ጋር አይጋጭም። አሁን በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሁለት። ቀለሞቹ ስሞች ብቻ ስለሆኑ ሙሉ ክፍለ ጊዜን ከሙሉ ክፍለ ጊዜ መለዋወጥም ሁልጊዜ ይቻላል፤ ከፈታኞች ለሚመጣ ልመና አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል።

ዘንድሮ ግን አልበቃም። የሕግ መምህሩ ደወሉልኝ፤ «በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ነኝ፣ የመጨረሻዋን ከሰዓት ስጠኝ» አሉ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት ደግሞ ከመጀመሪያው ጠዋት ንቅንቅ አልልም ብላለች። ሕግ በአራተኛው እንዳይገባ በጀት አለ፤ በሌሎቹም ጎረቤቶቹ አሉ።

እንዲህ ሲሆን በሁለቱ ቀለሞች ብቻ እየተረማመዳችሁ ሰንሰለቱን ተከተሉ። ከሕግ ተነሡ፤ 4 የያዙት ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው? በጀት ብቻ። 1 የያዙት የበጀት ጎረቤቶችስ? ከሕግ በቀር የለም። ሰንሰለቱ እዚህ አለቀ፤ በውስጡ ያሉትን ሁለቱን አለዋውጡ። ሕግ ወደ 4፣ በጀት ወደ 1። ሰንሰለቱ ወደ እንግሊዝኛ ቢደርስ ኖሮ እሷም መነቃነቅ ነበረባት፤ አልደረሰም። ይህ መላ የኬምፕ ነው። ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1879 የአራቱን ቀለም ጥያቄ በዚሁ ሰንሰለት ፈታሁ ብሎ አሳተመ፤ ሂውድ እ.ኤ.አ. በ1890 ስህተቱን አወጣበት። ማረጋገጫው ወደቀ፣ ሰንሰለቱ ግን በሐዋሳ የሕግ መምህሩን አዲስ አበባ አድርሶ መለሰልኝ።

ወረቀቱን ከመለጠፋችሁ በፊት 14ቱን መስመሮች አንድ በአንድ እዩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛና በጀት፣ ከሰዓት ማርኬቲንግና አካውንቲንግ፤ የሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ፣ ከሰዓት ኮምፒውተርና ሕግ። እኔ ይህን ፍተሻ ፕሮግራሙን ላልሠራ ሰው እሰጣለሁ፤ ዘንድሮ ያየችው የእንግሊዝኛዋ መምህርት ናት፣ ሻይዋ ሳይበርድ ጨረሰችው።